የቬኑስ እሳተ ገሞራና የደረጃችን ስንጥቅ

ይህች ጽሑፍ ስለ ቬኑስ ነች። ነገሩ የተጀመረው ግን ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሁድ ማታ፣ እራት ላይ እያለን ብርጭቆው ተንቀጠቀጠ። ታናሽ ወንድሜ እግሩን የሚያወዛውዝ መስሎኝ ተቆጣሁት። ቀና ስል አምፖሉም ይወዛወዛል። ከዚያ ማን ጫማ ያደርጋል! ሕንጻው በሙሉ ግቢ ወጣ።

የመንቀጥቀጡ መነሻ ከእኛ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ፈንታሌ አካባቢ ሲሆን መጠኑ 4.9 ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ ረጅም ስንጥቅ አየሁ። የጋዜጠኝነት ተማሪ አይደለሁ? በስልኬ አነሳሁና «ሕንጻ በመሬት መንቀጥቀጥ ተሰነጠቀ» የሚል ዜና ሠርቼ ክፍል ይዤ ሄድኩ። መምህራችን አንብበው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «በፊት እንዳልነበረ በምን አወቅህ?»

መልስ አልነበረኝም። መልሱን ያገኘሁት ከታች ካሉት እትዬ ቤት ነው። የልጃቸውን የሠርግ አልበም ሲያሳዩኝ ሙሽራዋ ደረጃ ስትወርድ የተነሳችው ፎቶ ላይ፣ ከቬሎዋ ኋላ፣ ያው ስንጥቅ ተጋድሟል። ሠርጉ በጥር 2016 ነበር። ዜናዬ እዚያው ሞተ።

ቬኑስ እኛ የአጥቢያ ኮከብ የምንላት ናት። በመጠን የመሬት እኩያ ልትባል ምንም አይቀራት፤ ገጿ ግን 465 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይግላል፣ የአየሩም ግፊት ከእኛ ዘጠና እጥፍ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ያረፈችው የሶቪየቷ ቬኔራ 13 እንኳ የሠራችው ከሁለት ሰዓት ብዙም ላልበለጠ ጊዜ ነው። ከላይ ደግሞ የሰልፈሪክ አሲድ ደመና ስለሸፈናት በተራ ካሜራ ገጿ አይታይም። ስለዚህ ናሳ ማጄላን የተባለችውን መንኮራኩር ላከ። እሷም ከ1990 እስከ 1994 እየዞረች ደመና በማያግደው ራዳር መላዋን ለማለት በሚያስችል ደረጃ አነሳቻት። በሺዎች የሚቆጠሩ እሳተ ገሞራዎች ታዩ። ግን የሞቱ ናቸው ወይስ በሕይወት ያሉ? የሞተ እሳተ ገሞራማ እኛም አለን፤ ከሰፈራችን ሆነን የምናየው የረር ተራራ አንዱ ነው። ቅርጹን ብቻ አይቶ ዕድሜውን የሚነግረኝ ሰው ግን የለም።

ወሳኙ ነገር የተገኘው ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በአሮጌ ምስሎች ውስጥ ነው። ሮበርት ሄሪክ የተባሉ የአላስካ ተመራማሪ በየካቲትና በጥቅምት 1991 እ.ኤ.አ. የተነሱትን የማጄላን ምስሎች ጎን ለጎን አድርገው በዓይናቸው ሲያነጻጽሩ፣ ማአት ሞንስ በተባለው ተራራ አጠገብ ያለ አንድ አፍ ተለውጦ አገኙት። በመጀመሪያው ክብ ሆኖ 2.2 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር፤ ከስምንት ወር በኋላ ቅርጹ ተዛብቶ ወደ 4 ካሬ ኪሎ ሜትር ሰፍቷል። እንግዲህ ሁለት ፎቶ፣ እንደኔው!

ግን (ይህቺን ልብ በሉልኝ) ሁለቱ ምስሎች የተነሱት ከተለያየ አቅጣጫ ነው፤ አንዱ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ። ጥላው ያሳስታል። ስለዚህ ስኮት ሄንስሊ የተባሉት የሥራ ባልደረባቸው የአፉን ቅርጽ በኮምፒውተር እየቀያየሩ ሞከሩትና ለውጡ የማዕዘን ጨዋታ እንዳልሆነ አሳዩ። ጽሑፉ በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ሲወጣም «ፈነዳ» ብለው አልደመደሙም። በመንቀጥቀጥ ብቻ ተንዶ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መሬት ላይ ይህን የሚያህል መናድ ከፍንዳታ ጋር ነው የሚመጣው አሉ። በ2024 ደግሞ የጣሊያን ተመራማሪዎች በሌሎች ሁለት ቦታዎች አዲስ የላቫ ፍሰት የሚመስል ለውጥ በዚያው አሮጌ መረጃ ውስጥ አገኙ።

ዘዴው ለእኛም አገር ባዕድ አይደለም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ዳባሁ ላይ ቅልጥ ዓለት ከሥር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሰንጥቆ ሲገባ፣ መሬቱ እስከ 8 ሜትር መከፈቱ የታወቀው የበፊትና የኋላ የራዳር ምስሎች ተነጻጽረው ነው። ለእሳተ ገሞራ ምልክት ሩቅ መሄድ እንደማያስፈልገን ደግሞ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ሕንድ ድረስ ሲደርስ አይተናል። ቬኑስን በተሻለ ራዳር የሚያዩ ቬሪታስና ኢንቪዥን የተባሉ መንኮራኩሮች በ2030ዎቹ እንዲላኩ ታቅዷል።

የደረጃችንን ስንጥቅ ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጀመሪያ አነሳዋለሁ፤ ከአንድ ቦታ ቆሜ፣ ጫፉ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም ይዤ። ታኅሣሥ 26 ሌሊት ከ5.5 በላይ የሆነው መንቀጥቀጥ ከአልጋ ካስነሳን በኋላ፣ በጥር ያነሳሁት ላይ ስንጥቁ ሳንቲሙን አልፎ ጣት ያህል ረዝሟል። ሁለቱንም ፎቶ አሳትሜ ለሕንጻው ኮሚቴ ሰጠሁ። ከሥር «ከታኅሣሥ እስከ ጥር ረዝሟል» ብዬ ጻፍኩበት፤ ምክንያቱን አልጻፍኩም። መሐንዲስ እንዲያየው ጠይቀናል፤ እስካሁን የመጣ የለም።