ኳስ ያቆመው ዩኒቨርሲቲ

ዛሬ ስለ አሜሪካ እግር ኳስ ነው። እግር ኳስ ይባላል እንጂ ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእጅ ይዘውት ነው የሚሮጡት። (ዓመተ ምህረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው።)

የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የግል ነው። ቡድኑን ከ1892 ጀምሮ አሞስ አሎንዞ ስታግ የሚባሉ አሰልጣኝ ለ40 ዓመት አሠልጥነው ታላቅ አደረጉት። በ1935 ጄይ በርዋንገር የሚባለው ተጫዋች፣ ዛሬ ሄይስማን የሚባለውን የኮከብ ተጫዋች ዋንጫ የመጀመሪያው ሆኖ ወሰደ። በ1939 ግን በሚቺጋን 85 ለ 0 ተሸነፉ! ደግነቱ በዚህ ጨዋታ አንዴ ሲገባ 6 ነጥብ ነው።

በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሮበርት ሃቺንስ ቡድኑን አስቀሩት። ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ቦታ ነው፣ ኳስ ሊበልጥበት አይገባም ባይ ነበሩ። ስለ ትምህርቱ ልክ ናቸው። ግን 85 ለ 0 እየተሸነፈ የሚጫወት ተማሪ ለዝና ብሎ የሚጫወት አይመስለኝም፤ ጨዋታውን ስለሚወድ ነው። እኔ ብሆን አላስቀረውም ነበር።

በ1942 በዚያው ሜዳ፣ ከተመልካቹ መቀመጫ ስር በነበረ ክፍል ውስጥ፣ ኤንሪኮ ፌርሚና ጓደኞቻቸው በሰው ቁጥጥር ስር የሆነውን የመጀመሪያውን የኒውክሌር ሰንሰለታዊ አፀግብሮት አካሄዱ። ቡድኑ በ1969 እንደገና ተመለሰ፤ አሁን ለኳስ ተብሎ ነፃ ትምህርት አይሰጥም። በድሮው ሜዳ ላይ ዛሬ የቆመው ቤተ መጻሕፍት ነው።