ከአቀስታ ሐረር፦ በባቡር ተጉዞ በጀጎል ከአስጎብኚ ጋር አንድ ቀን ለማሳለፍ

ከአቀስታ፣ ከመካነ ሰላም ወይም ከከላላ ተነስቶ ጥንታዊ ከተማ በባቡር ሄዶ ማየት የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ወሎ ውስጥ ሐዲድ እንጂ የሚሳፈሩበት ባቡር የለም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ እንዲደርስ የታቀደው መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ሐዲድ ተነጥፏል፣ ጣቢያዎቹም ቆመዋል፤ መደበኛ የመንገደኛ አገልግሎት ግን አልተጀመረም። ቢጀመር ኖሮ ከደሴ ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻ ላይ ተሳፍረን፣ አዋሽ ላይ የድሬዳዋውን ባቡር በያዝን ነበር። እስከዚያው ድረስ መንገዱ በአዲስ አበባ ነው። መዳረሻውም ሐረር ነው። በአገራችን ከአዲስ አበባ አብዛኛውን መንገድ በባቡር ተጉዘው የሚደርሱበት፣ ግንቡ እንዳለ ያለ የመካከለኛው ዘመን ከተማ ሐረር ብቻ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀኑን ከባቡሩ ወደ ኋላ ይቁጠሩ

የመንገደኛ ባቡሩ በየቀኑ አይነሳም። ስለዚህ መጀመሪያ ከቤት የሚወጡበትን ቀን ወስነው ባቡሩን መፈለግ ሳይሆን፣ ባቡሩ የሚነሳበትን ቀን አረጋግጠው ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር ነው የሚያዋጣው። አዲስ አበባ ዘመድ ካለዎት ለቡ ወዳለው ጣቢያ ልከው የመሄጃውንም የመመለሻውንም ቀን ያስጠይቁ። ከአቀስታ ደሴ አንድ ቀን፣ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሌላ ቀን፣ ከዚያ አንድ ቀን ለትኬትና ለእረፍት፣ አንድ ቀን ለባቡሩ፣ አንድ ቀን ለሐረር፤ መልሱ ሲጨመር ከሳምንት በላይ መያዝ ነው። ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ሰላም ከሾፌሮች ይጠይቁ፤ ከመናኸሪያ ሰው የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ሁለት ወቅቶችን ይለዩ። በታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሰሞን ባቡሩም፣ የድሬዳዋና የሐረር አልጋውም በምእመናን ይሞላል። ለመሳለም ከሆነ የሚሄዱት መልካም፤ ጀጎልን፣ ማለትም በግንብ የታጠረውን ጥንታዊውን ሐረር፣ ረጋ ብሎ ለማየት ከሆነ ግን ሌላ ጊዜ ይምረጡ። በረመዳን ደግሞ ቀን ላይ ምግብ ቤቱ ጭር ይላል፣ ከተማው የሚደምቀው ከማፍጠሪያ በኋላ ነው፤ ይህን አውቆ መሄድ ነው። ሐረር የሚውሉበት ቀን ዓርብ ባይሆን ይመረጣል፤ የጁምዓ ሶላት ሰዓት ላይ ብዙ በር ይዘጋል።

ትኬትና ጉዞ

ትኬት ሲቆርጡ መታወቂያ ይጠየቃሉ፤ ያላሳደሰ ሰው አቀስታ ሳለ ያሳድስ። ከተቻለ ከጉዞው ቀን በፊት ይቁረጡ። የመቀመጫና የአልጋ ቦታ አለ፤ ጉዞው ቀን ስለሆነ መቀመጫው ይበቃል። አዛውንት ይዘው ከሆነ ግን አልጋ ይቁረጡላቸው፣ ጀርባቸው ያመሰግንዎታል። አዲስ አበባ ሲገቡ መናኸሪያ አካባቢ ማደር ቢቀልም፣ ጣቢያው በከተማው ደቡብ ምዕራብ ዳር ስለሆነ ለባቡሩ ዋዜማ ወደ ለቡና ጀሞ ተጠግቶ አልጋ መያዝ ይሻላል። ዕቃ ይፈተሻል፤ ከመነሻው ሰዓት ቀደም ብለው ይድረሱ።

ስንቅ ይያዙ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፤ የእኛ አገር ስንቅ ለረጅም መንገድ የተሠራ ነው። ልብስ በተመለከተ፣ የጉጉፍቱን ብርድ ያለ ጋቢ ማለፍ አይቻልም፤ አዋሽን ካለፉ በኋላ ግን ያው ጋቢ ሸክም ይሆናል። ከታች ስስ ጥጥ ልብስ ይልበሱ፣ ውሃም አይርሱ።

አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ መስመር በመስከረም 2009 ተመርቆ በ2010 መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። ቢሾፍቱን፣ ሞጆንና አዳማን አልፎ ወደ መተሐራ ሲወርድ የፈንታሌን ተራራና የበሰቃን ሐይቅ ለማየት መስኮት ዳር መቀመጥ ነው። ከዚያ አዋሽ፣ ከዚያ ሚኤሶ፣ ከዚያ ድሬዳዋ።

ባቡሩ ሐረር አይገባም። ድሮም አልገባም። ከጅቡቲ የተነሳው የፈረንሳዮቹ ባቡር በ1895 አሁን ድሬዳዋ ካለችበት ቦታ ሲደርስ ወደ ሐረር የሚያወጣው ገደል አስቸጋሪ ስለነበረ ከተራራው ግርጌ ቀረ፤ ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በዚህ ምክንያት ነው። አዲሱ ጣቢያ ከድሬዳዋ መሀል ከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ ወደ ከተማ ለመግባት ተሽከርካሪ ይይዛሉ። ሌሊቱን ድሬዳዋ ይደሩ። ማለዳ በሚኒባስ ደንገጎን ሽቅብ ወጥተው፣ ሐረማያንና የጫት ገበያዋን አወዳይን አልፈው 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ሐረር ነዎት። አየሩም ወደሚያውቁት ይመለሳል።

አስጎብኚ አያያዝ

ጀጎል 48 ሄክታር ያህል ብቻ ነው፣ ግን ያለ አስጎብኚ የሚገባበት ሰው ግድግዳ ብቻ አይቶ ይመለሳል። የሐረር ቤት ከውጭ ሲያዩት ነጭ ወይም ሰማያዊ ግንብና አንድ በር ነው፤ ያለው ሁሉ ከውስጥ ነው። ስለዚህ በአስጎብኚ ገንዘብ አይቆጥቡ። መንገድ ላይ ከሚከተልዎ ሰው ይልቅ የከተማው ቱሪዝም ቢሮ የሚያውቀውንና መታወቂያ ያለውን ይያዙ፤ ያረፉበት ሆቴልም ያገናኝዎታል። ዋጋውን ከመነሳትዎ በፊት ግልጽ አድርገው ይነጋገሩ። እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነው፦

«ወንድሜ፣ እኛ ከወሎ ነው የመጣነው፣ አምስት ነን። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተነስተን ማታ ጅቡን እስክናይ ስንት ትለናለህ? የሙዚየም መግቢያው፣ የሐረሪ ቤት መግቢያውና የጅቡ ክፍያ እዚያው ውስጥ ነው ወይስ ለብቻ?»

ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት ማታ ላይ ክርክር የምታስቀረው። ዋጋ ከተስማሙ በኋላ ደግሞ፣ ከታች ስለማነሣቸው የጥንቱ የሐረር ገዥ፣ «ስለ አሚር ኑር ምን ትነግረናለህ?» ይበሉት። በደንብ የሚመልስ ከሆነ ሰውዎን አግኝተዋል።

በጀጎል ውስጥ

ግንቡ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፍታው 4 ሜትር ያህል ነው። አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ስድስተኛው ለመኪና ሲባል ኋላ የተከፈተ ነው። ዩኔስኮ በ1998 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ቦታዎች እንዳሉት አስፍሯል።

ጠዋት ከሸዋ በር ይጀምሩ፤ ገበያው ገና ሲሰናዳ ነው ደስ የሚለው። ከዚያ ፈረስ መጋላ፣ አደባባዩ ላይ ያለው መድኃኔ ዓለም፣ ከዚያ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር፣ ከዚያ ጊዲር መጋላ። ጊዲር መጋላ ሥጋ ገዝቶ የሚወጣ ሰው ከላይ ጭልፊት እንዳይነጥቀው መጠንቀቅ አለበት፤ ይህ ወሬ አይደለም፣ ቆመው ይመልከቱ። የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው የሸሪፍ ሙዚየም ውስጥ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰበሰቡት ብራና፣ ሳንቲም፣ ጌጥና የጦር መሣሪያ አለ፤ ከምሳ በፊት ይድረሱበት። በ1870ዎቹ ሐረር ነጋዴ ሆኖ በኖረው በፈረንሳዊው ባለቅኔ በአርተር ራምቦ ስም የተሰየመው ቤት ውብ ነው፣ ግን ሰዓት ካጠረዎት እሱን ይለፉት።

የማይታለፈው የሐረሪ ቤት ነው። ጫማዎን በር ላይ አውልቀው ይግቡ፤ እመቤቲቱን ሰላም ብለው ይፈቅዱልዎ እንደሆነ ይጠይቁ። ነደባ የሚባለው መደብ አምስት ነው፣ ከፍታውም እኩል አይደለም፤ አሚር ነደባ ለአባወራው፣ ጊዲር ነደባ ለቤተሰብና ለእንግዳ። ያልተፈቀደልዎት ላይ አይቀመጡ፤ አስጎብኚው ያሳይዎታል። ወለሉና መደቡ ቀይ ነው። ይህ ቀይ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል፤ ሲነገርዎት በዝምታ ያዳምጡ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌትና በሳህን ተሸፍኗል፤ ስፌቱን የወሎ ሴቶች ቢያዩት ረጅም ሰዓት ይቆማሉ። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ በቤቱ ለትዳር የደረሰች ልጅ መኖሯን ያመለክታል ይላሉ አስጎብኚዎቹ። ከዋናው ክፍል ጎን ያለችው ጠባብ ክፍል የሙሽሮች ናት።

አሚር ኑር ዘንድ አይቸኩሉ

አብዛኛው ጎብኚ አረንጓዴ ቀለም የተቀባውን፣ ዙሪያውን ጫፍ ጫፍ ድንጋይ የበቀለበትን የአሚር ኑርን መቃብር ጉልላት ፎቶ አንስቶ ያልፋል። ከሳይንት፣ ከቦረና ወይም ከለጋምቦ የመጣ ሰው ግን እንዲህ ማድረግ የለበትም። በ1524 የኢማም አህመድ ጦር ወደ ቤተ አምሐራ ዘልቆ እነ መካነ ሥላሴንና አትሮንሰ ማርያምን አቃጥሏል። በ1551፣ በሰሙነ ሕማማት፣ አጼ ገላውዴዎስ ከኢማሙ የእህት ልጅ ከአሚር ኑር ጦር ጋር ሲዋጉ ወደቁ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ሐረር መወሰዱ ይተረካል። ሳይንት ያለችው ተድባበ ማርያም የእኚሁ ንጉሥ ደብር ናት፣ አካላቸውም እዚያ እንዳረፈ ይነገራል። የአንዱ ታሪክ ሁለት ጫፍ አንዱ እኛ ዘንድ፣ ሌላው እዚህ ነው ማለት ነው።

ድሉም ለሐረር ዕረፍት አላመጣም። ረሃብና ወረርሽኝ ገባ፤ አሚር ኑር ራሳቸው በዚያው ወረርሽኝ ሞቱ። ግንቡን ያሠሩት እሳቸው እንደሆኑ የከተማው ሰው ያምናል፤ የዩኔስኮ መዝገብ ደግሞ ከ13ኛው እስከ 16ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ የተሠራ ነው ይላል። አስጎብኚውን ስለ ድል ወንበራ ይጠይቁት፤ ኢማሙ ከሞቱ በኋላ ኑርን ያገቡ የኢማሙ ሚስት ናቸው፣ የጦርነቱም አንዱ ምክንያት እሳቸው ናቸው ይባላል። እርስዎም ስለ ተድባበ ማርያም ይንገሩት። መቃብሩ ቅዱስ ቦታ ስለሆነ ሴቶች ራሳቸውን ይሸፍኑ፣ ፎቶ ከማንሳት በፊት ይጠየቅ፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ሲፈቀድ ብቻ ነው።

ማታ

ጅቡን ለማየት ሲባል ሌሊቱን ሐረር ይደሩ፤ በጨለማ ደንገጎን መውረድ አያስፈልግም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከግንቡ ውጭ የሚመግቡት ሰዎች ጅቦቹን በስማቸው ይጠራሉ። የፎቶ ብልጭታ አጥፍተው፣ ልጆችን አስጠግተው፣ የሚባሉትን ብቻ ያድርጉ። ሥጋውን በእንጨት ይዞ ማጉረስ ይቻላል፤ ካልደፈሩ ማየቱም ይበቃል። በዓሹራ ቀን የመጡ ከሆነ ለጅቦቹ በቅቤ የተሠራ ገንፎ ሲቀርብ ያያሉ።

በማግስቱ ድሬዳዋ ወርደው፣ የመመለሻ ባቡሩን ሰዓት ዳግም አረጋግጠው ይመለሱ።

አንድ ጥያቄ ለሳይንት፣ ለቦረናና ለለጋምቦ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች አለኝ። ሐረር ላይ ጎብኚን ከግንብ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ታሪክ የሚያስገባው የሠለጠነ የከተማው ልጅ ነው። ለተድባበ ማርያምም እንዲህ ያሉ ወጣቶችን ከካህናቱ ጋር ሆናችሁ አሠልጥኑ፤ ሐረር ደርሶ የአሚር ኑርን ታሪክ የሰማ ሰው ቀጥሎ ወደ እናንተ መምጣቱ አይቀርም።