ፊትሽም ክፍልሽም ይታይ

እሑድ ሳብራ ለቡና ስንሰበሰብ ለቤተሰብ የሚላክ ፎቶ መነሳታችን አይቀርም። ፎቶ አንሺዋ ብዙ ጊዜ እኔ ስለሆንኩ የማውቀውን ልጻፍላችሁ።

በሞባይል ፍላሽ ብቻ የተነሳ ፎቶ ላይ ግንባርሽ ላብ እንዳለበት ያብለጨልጫል፤ ከኋላሽ ያለው ሁሉ ይጠቁራል። አልጋሽም ጓደኞችሽም አይታዩም። እናትሽ «ልጄን የት ነው ያስቀመጧት?» ብላ ብትጨነቅ አይፈረድባትም።

ነገሩ የርቀት ነው። የፍላሽ ብርሃን ሲርቅ ቶሎ ይደክማል። ከአንድ ሜትር ወደ 2 ሜትር ሲሄድ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ 3 ሜትር ላይ አንድ ዘጠነኛ ብቻ ይቀራል። ለፊትሽ የበቃው ለግድግዳው አይደርስም። ስለዚህ የክፍሉን ብርሃን ዋና፣ ፍላሹን ረዳት አድርጊው።

ቀን ከሆነ ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዙሪ። መስኮት የሌለው ክፍል ከሆነ በሩን ክፈቺ። ማታ አምፖሉ ይብራ፣ ፍላሹ ይጥፋ። ከዚያ ጓደኛሽ የሌላ ሞባይል መብራት ወደ ነጭ ግድግዳ ወይም ወደ ጣሪያው ታብራ፤ ወደ ፊትሽ አይደለም። ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ለስላሳ ነው። ግድግዳው ቀለም ካለው ግን ያንኑ ቀለም ፊትሽ ላይ ይጥላል፤ ያኔ መብራቱን በሶፍት ሸፍና በቀጥታ ታብራልሽ። ልኩን ከኋላሽ ያለው ግድግዳ ይነግራችኋል፤ ከጠቆረ መብራቱ ይራቅ፣ ፊትሽ ከጨለመ ይቅረብ።

የሀገር ልብስ ስትለብሺ ሌላ ጣጣ አለ። ሞባይሉ ነጩን አይቶ ብርሃኑ የበዛ ይመስለዋልና ፎቶውን ያጨልማል፤ ጠይም ፊትሽ ይጠፋል። ስክሪኑ ላይ ፊትሽን ንኪ፤ በብዙ ሞባይሎች ትንሽ የፀሐይ ምልክት ትመጣለች፣ ወደ ላይ ሳቢያት። (ፎቶ ላይ ጠቆርኩ ብላ የማንጫ ክሬም የምትገዛ እህት አለች። የጎደለው ብርሃን ነው እንጂ መልክ አይደለም።)

መብራት ሲጠፋስ? እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 የዴር አማርና የዛህራኒ ጣቢያዎች ነዳጅ አልቆባቸው መላው ሊባኖስ ጨልሞ ነበር፤ ዛሬም ኢሽቲራኩ ሲቆረጥ ክፍላችን ያው ነው። አንዱን ሞባይል ወደ ጣሪያ፣ ሌላውን ከጀርባሽ ወዳለው ግድግዳ አብሩ። የሚያነሳውን ሞባይል ብርጭቆ ላይ አስደግፉት፤ በጨለማ ካሜራው ብርሃን ለመሰብሰብ ጊዜ ስለሚወስድ እጅ ከተንቀጠቀጠ ፎቶው ይደበዝዛል። ፎቶው እስኪያልቅ አትነቃነቂ። ሕፃን የታቀፈች ካለች ይህ አይሆንላትም፤ እሷን ቀን አንሷት።