ኳስ አላውቅም አትበያቸው

ኳስ አላውቅም አትበያቸው። እያወቅሽ! ዱራሜ ከሰፈር ወንዶች ጋር በረኛ ሆነሽ ጉልበትሽን እየተላጥሽ ያደግሽ ልጅ፣ ሆሳዕና ቢሮ ገብተሽ ገና ወንበርሽ ሳይሞቅ "እኔ ኳስ አይገባኝም" ብለሽ ስልክሽ ላይ ማፍጠጥ ምን ይሉታል? ገብቶኛል፤ ከምባታ መሆንሽን ስላወቁ ክለባችንን ሀምበሪቾን አንስተው እንዳያበሽቁሽ ፈርተሽ ነው። ዝም ብትዪም እኮ ያበሽቁሻል። ዝምተኛ ላይ ደግሞ ብሽሽቁ ይብስበታል፤ የሚመልስላቸው እስኪያገኙ አይለቁሽም።

እዚህ ከተማ ቀድሜሽ የመጣሁ ነኝና ስሚኝ። የሻይ ሰዓት ላይ ከግቢው ወጥተው እዚያች ሸራ የተወጠረባት ሻይ ቤት አግዳሚው ላይ የሚደረደሩትን አይተሻቸዋል። የፋይናንሱ ሰውዬ ሻዩ ሳይቀርብለት ዳኛውን ማማት ይጀምራል። የግዢው ልጅ አሰላለፉን በብርጭቆና በማንኪያ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል፤ አማካዩ ሁልጊዜ የስኳር ዕቃው ነው፣ ሰው ስኳር በጨመረ ቁጥር መሐል ሜዳው ባዶ ይቀራል። ሹፌሩ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ቆሞ ይሰማል። እንዲህ ትንሽ እንደቆዩ ወሬው ሳታስቢው ይታጠፋል። የእገሌ አባት አርፈዋል፣ ዶዮገና ነው ለቅሶው፣ መኪና እንጠይቅ ወይስ በትራንስፖርት እንሂድ? ጎፈር ሜዳ ሁለት ክፍል የሚያከራዩ ሰዎች አሉ፣ ሴትዮዋ ግን በር በጊዜ ነው የምትዘጋው። ደቡብ አፍሪካ ያለው የእገሊት ልጅ ስልክ ካነሳ ሰነባበተ፣ እናቱ እንቅልፍ አጥታለች፣ እዚያ የሚያውቅ ሰው ያለው ማነው? በየቤቱ አንድ ሰው ደቡብ አፍሪካ ባለበት አገር ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ለእንግዳ ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ ማንም ጠርቶ አይነግረውም። ስለ ኳስ ለማውራት የተቀመጠ ግን ሳይጠይቅ ይሰማዋል። ለዚህ ነው ሂጂና ተቀመጪ የምልሽ፤ ለጨዋታ ትንተናው ብዬ አይደለም።

የት እንደምትቀመጪም ልንገርሽ፤ ከመዝገብ ቤቷ እትዬ ጎን። ነጠላዋን አጣፍታ ዳር ላይ ስትቀመጥ ምንም የማይገባት መስላሽ ይሆናል። ከሁሉም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። የፋይናንሱ ሰውዬ ዓመተ ምሕረት ሲያሳስት "አይደለም" ትላለች፣ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። እንደ ደብዳቤ ቁጥር ነው የምትይዘው።

ታሪኩን ሳታውቂ ደግሞ አፍሽን አትክፈቺ። ረጅም አይደለም። ሀዲያ ሆሳዕና ፕሪሚየር ሊግ መጀመሪያ የገባው በ2008 ነው፤ በዚያው ዓመት ወረደ። ከፍተኛ ሊግ ከርሞ ለ2012 ተመለሰ፤ ያን ዓመት ኮሮና መጣና ውድድሩ ሳያልቅ ተሰረዘ። በ2013 ዲኤስቲቪ ጨዋታዎቹን ማስተላለፍ ሲጀምር ደግሞ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየዞረ የሚካሄድ ሆነ፤ ሁሉም ክለቦች አንድ ከተማ ይሰበሰቡና ተጫውተው ወደ ቀጣዩ ይሄዳሉ። ለተመልካች ጥሩ ነው፣ ምስሉ ጥሩ ነው፣ ገንዘብም መጥቷል። ለሆሳዕና ሰው ግን እንዲህ ነው፦ ነብሮቹ የሚላቸው ልጆቹ ትልቁ ሊግ ላይ ናቸው፣ እሱ ግን አቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ገብቶ ሊያያቸው አይችልም። የራሱን ከተማ ቡድን እንደ ማንቸስተር በስክሪን ነው የሚያየው። የጨዋታ ቀን የነበረው የባጃጁ ግርግር፣ የቆሎና የበቆሎ እሸት ሻጮቹ ገበያ፣ ከየወረዳው በአይሱዙ ተጭኖ የሚመጣው ደጋፊ ጭፈራ፣ ያ ሁሉ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል። ወሬው ግን የቀነሰ እንዳይመስልሽ። ድሮ ሜዳ ገብቶ ጮሆ ይወጣለት የነበረው ሁሉ አሁን የሚወጣለት ሰኞ ሻይ ቤት ነው። እንዲያ ሲጦፉ ብታዪ አይግረምሽ።

አሁን ወደ እኛ ጉድ እንምጣ። ሀምበሪቾ በ2015 ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲያድግ ዱራሜ ምን ሆና እንደነበር አንቺው እዚያው ነበርሽ፣ እኔ በስልክ ነው ጩኸቱን የሰማሁት። አብረውት ያደጉት ኢትዮጵያ ንግድ ባንክና ሻሸመኔ ከተማ ነበሩ። ቀጣዩ ዓመት ሲያልቅ ንግድ ባንክ የሊጉን ዋንጫ አነሳ፤ እኛና ሻሸመኔ ወረድን። እኛማ ከሁሉም ግርጌ ሆነን። ከሁሉ የሚቆጨኝ ደግሞ ሀዲያ ሆሳዕናና ሀምበሪቾ በትልቁ ሊግ ሲገናኙ ጨዋታው ሆሳዕናም ዱራሜም አለመሆኑ ነው። ሊጉ ያን ዓመት በአዳማ፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ነበር የሚዞረው። በአንጋጫ በኩል ጠዋት ተነስቶ ተጫውቶ ማታ ቤቱ የሚገባ ጎረቤት፣ ለመጋጠም ሌላ ሰው አገር ሄደ። እስቲ አስቢው፣ ያ ጨዋታ እዚህ ቢሆን ኖሮ ከተማዋ ትችለው ነበር?

እና የግዢው ልጅ አንድ ቀልድ አለችው፣ ለእያንዳንዱ አዲስ የከምባታ ሰው ያወጣታል። "777 ደረጃ ያለው ተራራ ስም ይዛችሁ ሰንጠረዡ ላይ አንዲት ደረጃ መውጣት አቃታችሁ?" ይልሻል። ሳቂ። ጥሩ ቀልድ ነው፤ እኔ መጀመሪያ ስሰማው ሻዩ በአፍንጫዬ ነው የወጣው። ሳቁ ሲበርድ ቀስ ብለሽ "2008ን የሚያስታውስ አለ?" በዪ። ከዚህ በላይ አንድ ቃል አትጨምሪ። የመዝገብ ቤቷ እትዬ ቀሪውን ትጨርስልሻለች፣ የራሷን ቡድን እንኳ አታዝንለትም።

ብሽሽቁ ስለ ክለብ እስከሆነ ድረስ ቆዳሽን ወፈር አድርጊ። ተከላካዩ ደካማ ነው ካሉሽ ተከራከሪ፣ አሠልጣኙ አያውቅም ካሉሽ አንቺም ስለእነሱ በዪ። ጨዋታው ከአሥራ አንዱ ልጆች አልፎ "እነሱ እኮ ድሮም..." የተባለ ለታ ግን ብርጭቆሽን መልሺና ተነሺ። ተናጋሪው የማንም ወገን ይሁን። የእኛ ሰው ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ተነሺ፣ ሲነጋ ለብቻው ጠርተሽ ንገሪው። በዚህ አገር ኳስ ሜዳ ላይ የተነሳ ነገር የት ድረስ እንደሚሄድ ከዓመታት በፊት አይተነዋል። እዚህ ደግሞ ለመጣላት እንኳ አይመችም። ሽማግሌዎቹ "ከምባታና ሀዲያ አውራጃ" ሲሉ አልሰማሽም? ዋና ከተማው ይኸው ሆሳዕና ነበር። አያታችን ለመሬት ክርክር በበቅሎ የሚመላለሱት፣ የሚያድሩትም እዚሁ ሰው ቤት ነበር። በ2015 ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ከሐዋሳ ዕቃውን ጭኖ የመጣው የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ሌላ ነው፤ አግዳሚው ላይ ጉራጌም፣ ስልጤም፣ ሀላባም አለ። የወልቂጤ ደጋፊው ከአንቺ የባሰ ብሽሽቅ ነው የሚደርስበት፣ ስታዪው ትጽናኚያለሽ።

አንድ ቀን አንዱ "ሴት ልጅ ደግሞ ስለ ኳስ ምን ታውቃለች" ማለቱ አይቀርም። አትቆጪ። ሎዛ አበራ የማን አገር ልጅ ናት ብለሽ ጠይቂው። ዱራሜ ተወልዳ፣ በሐዋሳ ከተማና በደደቢት፣ በአዳማ ከተማና በንግድ ባንክ ተጫውታ፣ ስዊድን ኩንግስባካ ሄዳ፣ ማልታ ላይ ከቢርኪርካራ ጋር ዋንጫ አንስታ ኮከብ ጎል አግቢ የሆነች፤ በ2016 ክረምት ደግሞ ዋሽንግተን ያለው ዲሲ ፓወር ያስፈረማት። ይህን ሁሉ እንኳ መዘርዘር አያስፈልግሽም፣ እነሱም ያውቁታል። የሚያስቀኝ ምን መሰለሽ? እዚህ ሲሆኑ "የከምባታዋ" የሚሏትን፣ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሲሄዱ "የእኛ አገር ልጅ እኮ ናት" ይሏታል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይበሉ፣ ደስ ይለኛል።

የእንግሊዙን ኳስ ንቀሽ አትተዪው። የራሳችን ክለብ እያለ ለአርሴናል ማልቀስ ምንድነው የሚሉ አሉ፣ እኔም እንዲያ እል ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር ነው የማየው። የግዢው ልጅ በነብሮቹ ጉዳይ ባላንጣሽ ነው፤ አርሴናል ከሆንሽ ግን ቅዳሜ ማታ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው የምትቀመጡት፣ ሲሸነፍም አብራችሁ ነው ሰኞ አንገት የምትደፉት። የሩቁ ክለብ የቅርቡን ያለዝበዋል። ስለዚህ አንዱን ምረጪና ያዢ። ብቻ ዋንጫ ባነሳ ቁጥር የሚገለባበጥ ደጋፊ እንዳትሆኚ፣ እዚህ ቤት ያ ስም አንዴ ከወጣብሽ አይለቅም። እሑድ ደግሞ ከሰዓት የመዘምራን ልምምድ ካለብሽ ልምምድሽን አትተዪ፤ ውጤቱን የሚነግርሽ አታጪም፣ ከጸሎት ቤቱ በር ላይ ጀምሮ ነው የሚነግሩሽ።

ቤቲንግ ግን አይሞከርም። ከ21 ዓመት በታች ክልክል ነው የሚለው ጽሑፍ በሩ ላይ ተለጥፎ ውስጡ ማን እንደተሰለፈ አይተሻል። ሹፌሩ ወር በገባ በሳምንቱ "አንድ ጨዋታ ብቻ ነው ያበላሸብኝ" እያለ ወረቀቱን ሲያሳይሽ እዘኚለት፣ ብር ግን አታበድሪው። ለልጁ መድኃኒት ነው ካለሽ መድኃኒቱን ራስሽ ገዝተሽ ስጪው።

ስለ ብር ካነሳን፣ ለክለብ መዋጮ የሚል ወረቀት ይዞ የሚዞር ሰው ጠረጴዛሽ ጋ ይመጣል፤ አይቀርም። እኔ አትስጪ አልልሽም፣ እሰጣለሁ። ግን ከመፈረምሽ በፊት አንብቢ፤ አንድ ጊዜ ነው ወይስ በየወሩ ከደመወዝ የሚቆረጥ? ስንት? እስከ መቼ? ደረሰኝ አለው? "ሁሉም ፈርሟል" መልስ አይደለም። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚኖሩት በዞንና በከተማ አስተዳደር በጀት ነው፤ መንገዱም ትምህርት ቤቱም ከዚያው ካዝና ነው የሚጠብቀው። በ2011 ክረምት ክለቦች የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር፤ ያኔ አንድ መምህር ያን ያህል ለማግኘት ስንት ወር ማስተማር እንደነበረበት አስሊው። ተጫዋቹን አልወቅስም፤ የሚሮጥባት ዕድሜ አጭር ናት፣ ጉልበቱ ከተጎዳ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ግን ለክለቡ የምትከፍዪ ሰው ክለቡ በብሩ ምን እንደሠራ የመጠየቅ መብት አለሽ። ስትጠይቂ "ደጋፊ አይደለሽም እንዴ?" ይሉሻል። ደጋፊ ስለሆንኩ ነው በዪ።

ጨዋታ ለማየት ስትወጪ አግዳሚ የተደረደረበት ጨለማ የዲኤስቲቪ ቤት አትግቢ፤ መታፈኑ ብቻ ይበቃል። ስክሪን ያለው ካፌ ከእትዬ ጋር ሂጂ፣ ማታ ከሆነም የምታውቂውን ባጃጅ አስቀድመሽ ቅጠሪ። እሷን ከያዝሽ ሌላውም ይመጣል። መስከረም ላይ ለያሆዴ በዓል ቤቷ ትጠራሻለች፣ አታካናውን ቅቤው እስኪንሳፈፍ ታቀርብልሻለች፣ ጠግቤያለሁ ማለት አይሠራም። አንቺም ለእኛው በዓል ለመሳላ ዱራሜ ይዘሻት ሂጂ፤ እናታችንና እሷ ስለ ልጆቻቸው ሲያወሩ ኳሱን ማንም አያስታውሰውም።

እስከዚያው የሰፈሩን ጨዋታ አትናቂ። ሊጉ ከከተማው ከወጣ ወዲህ ሰዉ ቆሞ የሚያየው ኳስ ይሄ ነው። ቀበሌ ከቀበሌ ሲገጥም በረኛው የዳቦ ቤቱ ልጅ ነው፣ የመስመር ዳኛው አስተማሪ ነው፣ ከጨዋታ ውጪ ባለ ቁጥር የተማሪዎቹ ወላጆች ከዳር ሆነው በስሙ ይጠሩታል፤ እሱም ዞሮ ይመልስላቸዋል። ነገ ከሥራ በኋላ ጨዋታ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ሂጂ ቢሉሽ እሺ በዪ። ያንን ነጭ ጫማ ግን አውልቂው፤ ሌሊቱን ዘንቧል፣ ሜዳው ጭቃ ነው።