ከአዋላጅ እጅ ወደ ሐኪም እጅ

ከማንበባችሁ በፊት፦ በአካባቢያችሁ አንዲት ነፍሰ ጡር ምጥ ሲይዛት በመጀመሪያ የሚጠራው ማን ነው? ሐኪምስ የሚፈለገው መቼ ነው? መልሳችሁን በደብተራችሁ ከጻፋችሁ በኋላ ምንባቡን ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡ።

ዓባይ ከጎጃም፣ ከሰከላ ተነሥቶ ጣናን አቋርጦ፣ የኢትዮጵያን ገደላገደል ሰንጥቆ ወደ ሱዳን ከወረደ በኋላ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። ከመገናኘቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በስተግራው ትቶት የሚያልፈው ነባር ሰፈር ቡሪ ይባላል። በካርቱም ከተማ ባለፉት አምሳ ዓመታት፣ ከፊሉ በስደት ከፊሉም በሥራ ፍለጋ ምክንያት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ኖረዋል። ከእነዚህ አንዷ እ.ኤ.አ. ከ2023 በፊት በቡሪ ትኖር ነበር እንበል። ዕድሜዋ ሠላሳ ዓመት ነው። የመጀመሪያ ልጇን ጎንደር ሳለች በቀዶ ሕክምና ወልዳለች፤ አሁን ሁለተኛውን አርግዛ ስድስት ወር ሆኗታል። ጎረቤቷ «ዳያ» ናት፤ ዳያ በሱዳን ዐረብኛ አዋላጅ ማለት ነው። ዳያዋ በሰፈሩ የታመነች፣ እጇ የተባረከ የሚባልላት ሴት ስለሆነች «አትስጊ፣ እኔ አዋልድሻለሁ» ትላታለች። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ግን ካርዷን አይታ «አንቺን መከታተል ያለበት የማኅፀንና የፅንስ ስፔሻሊስት ሐኪም ነው» ትላታለች። ሴቲቱ የማንን ቃል ትቀበል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ከመስጠታችን በፊት ስለ አዋላጆቹ መናገር ይገባናል፤ ሱዳን በዚህ ረገድ ሊጠና የሚገባው ታሪክ ያላት አገር ናትና። ቀድሞ በዚያ አገር የሚያዋልዱት «የገመድ አዋላጆች» የሚባሉ ሴቶች ነበሩ። ስሙ የወጣላቸው ምጥ የያዛት ሴት ከጣራ የተንጠለጠለ ገመድ ጨብጣ ትወልድ ስለ ነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ሜብል ዎልፍ የተባለች እንግሊዛዊት አዋላጅ በኦምዱርማን ከተማ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ከፈተች። ከሠልጣኞቹ የሚበዙት ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ስለ ነበሩ፣ መድኃኒቶቹን በቀለማቸውና በሽታቸው እየለዩ እንዲያውቁ ይደረግ ነበር። ሥልጠናቸውን ሲፈጽሙም የመሣሪያ ሣጥናቸውን ይዘው ወደየሰፈራቸው ይመለሱ ነበር። ፊደል ያልቆጠረች ሴት እጅዋን በሚገባ ታጥባ፣ መቀሷን ቀቅላ፣ እትብት ለመቁረጥ በቃች ማለት ነው፤ ይህን ሥራ የሚንቅ ሰው ካለ በዘመኑ ስንት እናትና ሕፃን በእጅ ጉድፍ ብቻ እንደሚሞት ያላወቀ መሆን አለበት።

በሱዳን የአዋላጅን እርዳታ የግድ ያደረገ ሌላም ነገር ነበር። ብልትን ቆርጦ የሚሰፋው ከባዱ የግርዛት ዓይነት በብዙ ቦታ ለረጅም ዘመን የተለመደ ስለ ነበረ፣ የተሰፋች ሴት ያለ ረዳት መውለድ ይቸግራታል። ጠባሳው በምጥ ጊዜ በጥንቃቄ መከፈት አለበት፤ ከተዘገየ ምጡ ይረዝማል፣ ሥጋውም በዘፈቀደ ይቀደዳል። በሱዳን የሴት ልጅ ግርዛት በማናቸውም ዓይነቱ በወንጀል ሕግ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ሆኖም ቀደም ሲል የተገረዙት ሴቶች ዛሬም ይወልዳሉና ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ አይደለም።

እንግዲህ አዋላጅ ይህን ያህል የምትጠቅም ከሆነ ስፔሻሊስት ለምን አስፈለገ? በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ እርግዝና በሽታ አለመሆኑ ነው። ጤናማ ለሆነች፣ እርግዝናዋም በደህና ለሚሄድ ሴት፣ በሚገባ የሠለጠነች አዋላጅ ትበቃለች ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ ትመረጣለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ከ17 ሺህ በላይ ሴቶችን የተመለከቱ 15 ጥናቶችን መርምሮ፣ ከእርግዝና እስከ ወሊድ በአዋላጆች የተመሩት ሴቶች ያለ ቀኑ መውለዳቸው አነስተኛ ሆኖ እንደ ተገኘ ገልጿል። ነገር ግን ጥናቶቹ የተካሄዱት በበለጸጉ አገሮች ነው፤ በእነዚያ አገሮች አዋላጇ «እርዱኝ» ባለች ጊዜ ሐኪሙ፣ የቀዶ ሕክምናው ክፍልና የተቀመጠው ደም ሩቅ አይደሉም። ግምገማውን ለመተማ ወይም ለቡሪ የሚጠቅስ ሰው ይህን ሳይናገር ቢያልፍ አንባቢውን ያሳስታል።

የስፔሻሊስት አስፈላጊነት የሚመጣው ከማዕረግ ብልጫ ሳይሆን ከአደጋው ጠባይ ነው። የቡሪዋን ሴት እንውሰድ። በቀዶ ሕክምና የወለደች ሴት ማኅፀኗ ላይ ጠባሳ አለ። በሚቀጥለው ምጥ ማኅፀኑ በኃይል ሲኮማተር ያ ጠባሳ ሊተረተር ይችላል። ይህ የሚደርሰው፣ ቁርጡ በማኅፀኑ የታችኛ ክፍል አግድም የተቆረጠ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ከ200 ሴቶች መካከል በአንዷ ገደማ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ስለዚህም ዳያዋ በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ነገር አንድም ጊዜ ሳታይ ልትኖር ትችላለች። «አይቼ አላውቅም» ማለቷ ውሸት አይደለም። ነገር ግን በደረሰ ጊዜ እናቲቱ ወደ ሆዷ ውስጥ ትደማለች፣ ሕፃኑም በደቂቃዎች ውስጥ አየር ያጣል። በዚያን ሰዓት የሚያድነው ሆድ ከፍቶ መስፋትና ደም መስጠት ብቻ ነው፤ ይህም በቤት ውስጥ አይገኝም። ቁርጡ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ አደጋው በብዙ እጥፍ ስለሚጨምር ሴቲቱ እንድታምጥ ጭራሽ አይፈቀድላትም። የቆዳው ጠባሳ አግድም ሆኖ የማኅፀኑ ቀጥ ያለ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህን በዓይን አይቶ ማወቅ አይቻልም፤ የሚታወቀው ከተጻፈ ካርድ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የእርግዝና ደም ግፊት ነው። ከአምስተኛው ወር በኋላ ግፊቷ 140 በ90 የደረሰ፣ በሽንቷም ፕሮቲን የተገኘባት ነፍሰ ጡር ምንም ሕመም ላይሰማት ይችላል። ውሎ አድሮ ራሷን ያማታል፣ ዓይኗ ይፈዛል፣ በመጨረሻም ሰውነቷ ይንቀጠቀጥና ራሷን ትስታለች። በአገራችን ይህ መንቀጥቀጥ የመንፈስ ልክፍት ነው ተብሎ ብዙ ሴቶች ወደ ሕክምና ሳይሄዱ ቀርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታወቀ፣ በ33 አገሮች ከ10 ሺህ በላይ ሴቶች የተካፈሉበት ጥናት ማግኒዝየም ሰልፌት የተባለው ርካሽ መድኃኒት የመንቀጥቀጡን አደጋ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አረጋግጧል። መድኃኒቱን አዋላጅም ልትሰጥ ትችላለች። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ በሽታውን አያጠፋውም፤ የሚያጠፋው መውለድ ነው። ሰባተኛ ወሯን ያልጨረሰች ሴት አሁን ትውለድ ወይስ አንድ ሳምንት ትጠብቅ? ብትወልድ ሕፃኑ ሳንባው ሳይጠና ይወጣል፤ ብትቆይ ጉበቷና ኩላሊቷ ሊጎዱ ይችላሉ። የደም ምርመራውን በየቀኑ እያዩ ሁለቱን ሕይወት በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ የስፔሻሊስት ሥራ ነው።

የእንግዴ ልጁ አቀማመጥም እንዲሁ ነው። የማኅፀኑን አፍ ደፍኖ ከተቀመጠ፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ያለ ምንም ሕመም ደም ይፈሳል። ሕመም የሌለው ደም ሰውን አያስደነግጥም፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። በእጅ ልመርምር ያለ ሰው እንግዴ ልጁን ነክቶ ያለ ማቋረጥ እንድትደማ ሊያደርጋት ስለሚችል፣ አልትራሳውንድ ሳይታይ ጣት ማስገባት የተከለከለ ነው። በልጅነታቸው የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ቀርቶ የልብ ቫልቫቸው የተጎዳ ሴቶችም በኢትዮጵያም በሱዳንም ጥቂት አይደሉም። በእርግዝና ጊዜ የሰውነት ደም በግማሽ ያህል ስለሚጨምር፣ እስከዚያ ድረስ ችሎ የኖረው ልብ በድንገት ይደክማል። መንታ፣ አግድም የተኛ ወይም በመቀመጫው የመጣ ፅንስ፣ የስኳር በሽታ፣ የደም ዓይነት አለመስማማት፣ እነዚህም ሐኪም የሚሹ ናቸው።

ይሁንና አንድ ነገር ልብ በሉ። ከወሊድ በኋላ የሚፈሰው ደም ብዙ እናቶችን የሚገድል አደጋ ነው፤ እርሱም ምንም ምልክት ባልታየባት ጤናማ ሴት ላይ ሳይቀር ይደርሳል። በዚያን ጊዜ የሚያድናት አጠገቧ ያለች፣ ማኅፀኑን የሚያኮማትረውን መርፌ ወዲያው የምትወጋ አዋላጅ ናት። የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ የሚገኝ ስፔሻሊስት አይደርስላትም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ችግሩ በሁለት መልክ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2000 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በየ100 ሺህ በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት 871 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር፤ በ2016 ይኸው ቁጥር ወደ 412 ወርዷል። በዚያው በ2016 በቀዶ ሕክምና የተወለዱት ሕፃናት በመላው አገሪቱ 2 በመቶ ያህል ሲሆኑ በአዲስ አበባ ግን 21 በመቶ ደርሰው ነበር። በገጠር መቀደድ የነበረባት ሴት ሐኪም አጥታ ትሞታለች፤ በከተማ ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት የምትቀደድ አለች፤ ይህችኛዋም ለሚቀጥለው እርግዝናዋ ጠባሳ ይዛ ትሄዳለች። የስፔሻሊስቶቹን እጥረት ለማቃለል፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎችን ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና ለማዋለድ ማሠልጠን ጀምሯል።

ስለዚህ ነገር ሲነሣ የካትሪን ሃምሊን ስም ሳይጠቀስ አይታለፍም። ካትሪንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ፣ ሁለቱም የማኅፀንና የፅንስ ስፔሻሊስቶች፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጥተው በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ፊስቱላ የሚመጣው ምጥ ለቀናት ሲጓተት የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ሥጋ ከአጥንት ጋር አጣብቆ ደም ሲከለክለው ነው፤ የሞተው ሥጋ ይቀደድና ሽንት ያለ ማቋረጥ ይፈሳል። የእነርሱ ታካሚ የነበረችው ማሚቱ ጋሼ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራት ቀዶ ሕክምናውን አጠገባቸው ቆማ ተምራ የታወቀች የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ለመሆን በቅታለች። ካትሪን ሃምሊን ግን ከአርባ ዓመታት በላይ ከሰፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የከፈቱት ኮሌጅ የቀዶ ሐኪሞች ሳይሆን የአዋላጆች ነው። ምጡ ከልኩ እንዳለፈ አይታ በጊዜ የምትልክ ሰው በየገጠሩ ከሌለች፣ ስፔሻሊስቱ የሚያገኘው የተጎዳችውን ሴት ብቻ እንደሆነ ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ተነሣ። የጦር ኃይሉ ጠቅላይ መምሪያ ከቡሪ ሩቅ ስላልሆነ ሰፈሩ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት አንሥቶ በውጊያው መካከል ወደቀ። በከተማው ብዙ ሆስፒታሎች ሥራ አቆሙ፤ ድልድይ መሻገርም ነፍስን ለአደጋ መስጠት ሆነ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሴቶች በየቤታቸው በአዋላጆች እጅ ወለዱ። ጤናማዎቹን አዋላጆቹ በእርግጥ አተረፏቸው። ጠባሳ የነበረባትን ወይም ግፊቷ የናረውን ሴት ግን ወዴት ይላኳት?

በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በጋላባት በኩል ወደ መተማ ተሰደዱ። የቡሪዋ ሴት ከእነርሱ መካከል ሆና፣ ሆዷ ገፍቶ፣ ከጎንደር ይዛው የሄደችውን የሆስፒታል ካርድ በቦርሳዋ ይዛ ድንበሩን ተሻገረች እንበል። በጤና ኬላው የምትቀበላት አዋላጅ ነርስ ግፊቷን ከለካች በኋላ የምትጠይቃት የመጀመሪያው ጥያቄ «የፊተኛውን በምን ወለድሽው?» የሚል ነው። ካርዱም ይገለጣል።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. የቡሪዋ ሴት ካርድ ከጠባሳዋ ይልቅ ለሐኪሙ የሚጠቅመው ለምንድን ነው?
2. ዳያዋ «አይቼ አላውቅም» ብትል ለምን አትዋሽም? ይህ አባባሏ በቂ ማስረጃ ሊሆን የማይችለውስ ለምንድን ነው?
3. ካትሪን ሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ የከፈቱበትን ምክንያት በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።

ለ. ለሚከተሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍቺ ጽፋችሁ ዓረፍተ ነገር ሥሩባቸው፦ ነባር፣ ፊደል መቁጠር፣ መጓተት፣ ከልኩ ማለፍ፣ እጇ የተባረከ።

ሐ. በምንባቡ የመጨረሻ አንቀጽ የነርሷን ጥያቄ ተከትሎ በሁለቱ ሴቶች መካከል ሊደረግ የሚችለውን ውይይት በአንድ ገጽ ጻፉ።