ስለ ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ፤ በጉለሌ የተደረገ ምልልስ

በጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር በሚኖሩ፣ በመምህርነት ባረጁ አንድ አዛውንትና የጦር መኮንን ለመሆን በተነሣሣ የወንድማቸው ልጅ መካከል የተደረገ ንግግር ነው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ወታደር ወደ መንግሥት ሹመት ሲገባ ክብሩ ይጨምራል ወይስ ይጎድላል? ሁልጊዜ የሚያነሷቸው ጄኔራል ሙሉጌታን ነውና ከእሳቸው ይጀምሩልኝ።

አዛውንቱ፦ በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች እንዲያስተምሩበት በሆለታ ገነት በተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት ከሠለጠኑት ወጣቶች አንዱ ነበሩ። ትምህርቱ ሳይፈጸም ጠላት ስለ ደረሰ፣ ከነዚያ ልጆች ከፊሎቹ መንገዱን ሊዘጉ ወደ ጣርማ በር ዘመቱ፣ ከፊሎቹም በወለጋ የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቆሙ። ጄኔራል ሙሉጌታ ግን የስደትን ዘመን ካሳለፉ በኋላ፣ ነጻነት በተመለሰ ጊዜ የክብር ዘበኛን አዛዥነት ተቀብለው፣ ዐሥራ አራት ዓመት ያህል ያን ሠራዊት እንደ አባት አሳደጉት። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የተመረጠው ከዚሁ ከክብር ዘበኛ ነው፤ በዚያ ጦርነት 121 ኢትዮጵያውያን ሲሠዉ አንድ እንኳ ለምርኮ እጁን አልሰጠም። ይህን የመሰለ ሥነ ሥርዓት በአንድ ሌሊት አይበቅልም፤ ዘሩን የዘሩትን ሰው ማመስገን ይገባናል እላለሁ።

ወጣቱ፦ እንዲህ ከሆነ ከጦሩ ለምን ተለዩ?

አዛውንቱ፦ በወግ የተለዩት በዕድገት ነው። የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ሆኑ፣ ከዚያ በግርማዊ ጃንሆይ የግል ጽሕፈት ቤት የጦር አማካሪ ሆነው ተዛወሩ፣ በፍጻሜውም የሕዝባዊ ኑሮ ዕድገትን የሚመሩ ሚኒስትር ተባሉ። ማዕርጉ ሲወጣ የሚያዙት ወታደር ግን እያነሰ ሄደ። ወታደሩ እጅግ ስለ ወደዳቸው ተፈሩ ይባላል፤ እኔም ይህን አምናለሁ። በዚያ ዘመን ክብር ዘበኛው ለምድር ጦሩ፣ የፀጥታው ሹም ደግሞ ለሁለቱም ጠባቂ ሆኖ ሲቆም፣ ሁሉን የሚያስተካክለው ሚዛን በአንድ ንጉሥ እጅ ነበረና፣ የተወደደ አዛዥ ሚዛኑን የሚያናጋ መስሎ መታየቱ አይቀርም ነበር።

ወጣቱ፦ በታኅሣሥ ግርግርስ ከማን ጋር ቆሙ?

አዛውንቱ፦ እኔ ያን ጊዜ ልጅ ነበርሁ፤ ተኩሱ ከስድስት ኪሎ እስከዚህ ተራራ ሥር ይሰማ ነበር። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ጃንሆይ በብራዚል ሳሉ፣ በክብር ዘበኛው ወንበር የተተኩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ተነሡ። ከክብር ዘበኛ መኮንንነት ተነሥተው የፀጥታውን ሥራ እስከ መምራት የደረሱት ሌተና ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁም፣ ዙፋኑን እንዲጠብቁ የታመኑት ሰው፣ ከነሱ ጋር አበሩ። ዐማፅያኑ ራስ እምሩን ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ጄኔራል ሙሉጌታን ኤታማዦር ሹም አድርገናል ብለው ዐወጁ፤ እሳቸው ግን በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው ነበር። ምድር ጦሩ ቤተ መንግሥቱን በከበበ ጊዜ፣ በአረንጓዴው አዳራሽ ከራስ አበበ አረጋይ፣ ከራስ ሥዩም መንገሻና ከሌሎች መኳንንት ጋር በጥይት ተገደሉ። እንግዲህ ተመልከት፦ በነጋታው ሹመታቸው የታወጀላቸውን ሰው በሦስተኛው ቀን የገደሏቸው፣ እሳቸው ባሳደጉት ጦር መሪነት የተነሡት ናቸው። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ያዝናል።

ወጣቱ፦ መንግሥት ከዚህ ትምህርት አልወሰደም?

አዛውንቱ፦ አልወሰደም። በ1956 ዓ.ም. በሶማሊያ ድንበር ጦርነት ስማቸው የገነነው የሦስተኛ ክፍለ ጦር አዛዥ ጄኔራል አማን አንዶም፣ እሳቸውም በወታደሩ ዘንድ በተወደዱ ጊዜ ከጦራቸው ተነሥተው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኑ። በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ደርግ ሊቀ መንበር አድርጎ አስቀመጣቸው፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ኅዳር 14 ቀን ሊይዟቸው በመጡ ወታደሮች በገዛ ቤታቸው ተገደሉ።

ወጣቱ፦ ዛሬስ ለእኔ ምን ይሉኛል?

አዛውንቱ፦ አሁን ያለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆን፣ ሠራዊቱም ተግባሩን ከማናቸውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነጻ ሆኖ እንዲፈጽም ያዝዛል፤ ከመሐላህ በፊት አንብበው። እኔ በዚያ ላይ አንድ ነገር ይጨመር እላለሁ፦ አዛዥ ከጦሩ በሚነሣበት ቀን፣ የተነሣበት ምክንያት በጽሑፍ ለራሱ ይነገረው።