የተረፈው አንቲባዮቲክ የት ይጣላል?
የአካባቢ ብክለትና መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች



ለጉብኝት በሄድኩበት ቤት አንዲት አያት፣ «ልጁ ስለተሻለው የቀረውን ሽሮፕ ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት፤ ልጆች እንዳያገኙት ብዬ ነው» አሉኝ። ሐሳባቸው መልካም ነው። ነገር ግን ማጠቢያ ውስጥ የተደፋ መድኃኒት እዚያው አይቀርም።

መላመድ ምንድን ነው?

ብዙ ሰዎች «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል» ይላሉ። የሚላመደው ግን ሰውነታችን ሳይሆን ባክቴሪያው ነው። አንቲባዮቲክ ደካሞቹን ባክቴሪያዎች ሲገድል፣ መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ጥቂቶች ተርፈው ይራባሉ። ይህንንም ባሕርይ ለሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ጭምር ያስተላልፋሉ።

ብክለቱ ከየት ይመጣል?

ከምንወስደው አንቲባዮቲክ ከፊሉ በሽንትና በሰገራ ይወጣል። ከሆስፒታል፣ ከከብትና ከዶሮ እርባታ፣ ከመድኃኒት ፋብሪካም ፍሳሽ ይመጣል። በፍሳሹ ውስጥ ባክቴሪያዎችና መድኃኒት አብረው ስለሚቆዩ፣ መላመድ በዚያ ቦታ ይስፋፋል። እንደ መዳብና ዚንክ ያሉ ብረቶችም መድኃኒት የሚቋቋሙትን ባክቴሪያዎች ሊያበዙ ይችላሉ።

በሕንድ አገር በሃይደራባድ ከተማ አጠገብ የ90 ያህል መድኃኒት አምራቾችን ፍሳሽ የሚቀበል ማጣሪያ ነበር። በ2007 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ተጣርቶ ከወጣው ውኃ በአንዱ ሊትር እስከ 31 ሚሊግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን ተገኝቷል። ይህ መድኃኒቱን በሚወስድ በሽተኛ ደም ውስጥ ከሚገኘው መጠን ይበልጣል።

እኛንስ ይመለከተናል?

አዎ። በእስራኤል ከፍሳሽ ውኃ 90 በመቶ ያህሉ ተጣርቶ ለእርሻ ይውላል። ማጣራቱ ብዙውን ጀርም ያስወግዳል፤ መድኃኒቱንና መድኃኒት የሚቋቋሙትን ባክቴሪያዎች ግን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም። ይህ አትክልት አትብሉ ማለት አይደለም፤ አትክልት ለጤና አስፈላጊ ነው፤ በደንብ አጥባችሁ ብሉ። ወደ ፍሳሹ የምንጨምረውን ግን እንቀንስ።

ምን እናድርግ?

1. የተረፈ ወይም ጊዜው ያለፈ መድኃኒት በማጠቢያ ወይም በሽንት ቤት አትድፉ። ወደ ኩፓት ሆሊም ፋርማሲ ወስዳችሁ መልሱ።
2. ለጉንፋን አንቲባዮቲክ ስጡኝ ብላችሁ ሐኪሙን አታስጨንቁ። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አያድነውም።
3. ሐኪሙ ያዘዘውን በታዘዘው መጠንና ቀን ውሰዱ። ለጎረቤት አታካፍሉ፤ ለሌላ ጊዜም አታስቀምጡ።
4. እጅን በሳሙና መታጠብና ክትባትን በጊዜው መውሰድ በሽታን ይከላከላል። በሽታ ሲቀንስ መድኃኒትም ይቀንሳል።

በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል። ዛሬ በቀላሉ የሚድን የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን ነገ ለልጅ ልጆቻችን የማይድን እንዳይሆን፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንበል።